ጭቃ፣ ውርጭና ድግስ፦ የሰሜን ሸዋ ሴቶች የጫማ ወቅቶች

ደብረ ብርሃን ላይ የሴት ጫማ ሱቅ ደጃፍ ቆሞ ወሩን መገመት ይቻላል። ሐምሌ ከሆነ በገመድ ተንጠልጥሎ የሚታየው ቦቲና ፕላስቲክ ጫማ ነው። ጳጉሜ ሲቃረብ ቦቲው ወደ ጓዳ ይገባና ደማቅ ቀለም ያለው ፍላትና ሰንደል ይደረደራል። ኅዳር ላይ ውስጡ ፀጉር የለበሰ ቡትስ ከነወፍራም ካልሲው ብቅ ይላል። ጥር ሲብት ደግሞ የፊቱን መደርደሪያ የሚይዘው የሚያብረቀርቅ ባለታኮ ነው። ይህን ተራ የሚያወጣው ጭቃው፣ ውርጩና ድግሱ ነው፤ የፋሽን መጽሔት ድርሻ ከእነዚህ በኋላ ይመጣል።

የዓለም የጫማ ንግድ ዓመቱን ለሁለት ይከፍለዋል፤ አንዱ የሙቀት፣ ሌላው የብርድ ወቅት ነው። ሚላን ውስጥ ሚካም የሚባለው ትልቁ የጫማ ባዛር በዓመት ሁለት ጊዜ ይካሄዳል። በመስከረም የሚታየው ለሚቀጥለው ሙቀት፣ በየካቲት የሚታየው ለሚቀጥለው ብርድ የሚሆን ነው። የቻይና ፋብሪካዎችም የሚያመርቱት በአብዛኛው ይህንኑ ተከትለው ነው። ከቻይና ተጭኖ የመጣው ጫማ አዲስ አበባ መርካቶ ይራገፋል፤ ከዚያ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ደብረ ብርሃን ይደርሳል፤ ከደብረ ብርሃን ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ሄዶ አንኮበር ገበያ ላይ ይዘረጋል።

ችግሩ የአውሮፓ ሙቀት የእኛ ክረምት መሆኑ ነው። አውሮፓ ውስጥ ሴቱ ሁሉ ጣቱን ገልጦ በሰንደል በሚሄድበት በሐምሌና በነሐሴ፣ ሰሜን ሸዋ ዝናብና ጉም ውስጥ ናት። በሐምሌ አዲስ ወጣ የተባለ ሰንደል ደብረ ብርሃን ቢደርስ እስከ መስከረም ቁጭ ብሎ መጠበቅ ይኖርበታል። የብርዱ ወቅት ግን በአጋጣሚ ይገጥማል። የፈረንጅ ቡትስ የሚወጣበትና የሰሜን ሸዋ ውርጭ የሚበረታበት ጊዜ አንድ ነው። ነጋዴ ይህን ያውቃል፤ ቡትሱን ሲመጣ ይሸጠዋል፣ ሰንደሉን አቆይቶ ለአዲስ ዓመት ያወጣዋል።

ጭቃ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በከተማዋ ዙሪያ፣ በተለይም ወደ እነዋሪ ሲኬድ፣ ሜዳው ዋልካ ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር የሚያስገባው ይህ ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጥና እንደ ሙጫ ይይዛል። በሳር ላይ ካልረገጡ በቀር አንድ እርምጃ በተራመዱ ቁጥር ጫማው ይከብዳል፤ ልኩ ሰፋ ያለ ቦቲ ከሆነ እግር ይወጣል፣ ቦቲው ጭቃው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ቦቲ የምትገዛ ሴት መጀመሪያ የምታየው ቀለሙን ሳይሆን ቁርጭምጭሚቷ ላይ ጠበቅ ማለቱን ነው።

የገጠሩ ሴት የክረምት ጫማ ግን ከቦቲ ይልቅ ኮንጎ ነው። ኮንጎ ከፕላስቲክ አንድ ወጥ ሆኖ የሚወጣ ጫማ ነው፤ ስፌት የለው፣ ማስቲሽ የለው። ፋብሪካ ውስጥ የፕላስቲክ ፍሬ በሙቀት ይቀልጣል፣ በግፊት ወደ ብረት ቅርጽ ይገባል፣ ሲቀዘቅዝ ተፈልቅቆ ይወጣል። የተረፈውና የተበላሸው ተፈጭቶ ተመልሶ ይቀልጣል። ርካሽነቱም ከዚህ ይመጣል። ውሃ አይጠጣም፤ ጭቃ ቢውጠው ወንዝ ዳር ሁለቴ አለቅልቀው ይሄዱበታል።

የኮንጎ ጥገና በገበያ ቀን መታየት ያለበት ነገር ነው። ጠጋኙ ከሰል ላይ ጠፍጣፋ ብረት ያግላል። ከአሮጌ ኮንጎ ቀለሙ የሚቀርበውን ቁራጭ ቆርጦ ስንጥቁ ላይ ያስቀምጥና በጋለው ብረት ጫን ያደርገዋል። ጭሱ አፍንጫ ይሰነጥቃል፤ ፕላስቲኩ ለስለስ ሲል ሁለቱ ይዋሐዳሉ። ከዚያ ጠርዙን በዚያው ብረት ይደመድመዋል። ባለቤቲቱ በባዶ እግሯ አጠገቡ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፤ ቶሎ ስለሚያልቅ ገበያዋን አያስታጉላትም። በዚህ ዓይነት ሦስት አራት ጊዜ የተጠገነ ኮንጎ ከመጀመሪያው ቀለሙ የቀረው ጥቂት ነው።

ኮንጎ ፋሽን አይገባውም የሚል ካለ ገበያ ወጥቶ ይይ። አንድ ዓመት ጥርት ያለ ብርጭቆ መሳይ፣ ሌላ ዓመት ብልጭልጭ የተነሰነሰበት፣ አንዳንዴ ፊቱ ላይ አበባ ወይም የውሸት ማሰሪያ ያለው፣ አንዳንዴ ዝቅ ያለ ታኮ ያወጣ ይመጣል። ወጣቶቹ ሮዝና ሐምራዊ ያነሳሉ፤ እናቶች ጥቁርና ቡና ዓይነቱን ይመርጣሉ።

አንኮበር ላይ ጭቃው ሁለት ጊዜ ይመጣል። ከቆላው እየተነፈሰ የሚወጣው ጉም የተራራውን ጫፍ ስለሚያረጥበው፣ የበልጉም ዝናብ በመጋቢትና በሚያዝያ ስለሚጥል፣ በበጋ የተሰቀለው ቦቲ እንደገና ይወርዳል። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የምትወርድ ነጋዴ ሴት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባት። ከደጋው ጭቃ ተነስታ በዚያው ቀን ቆላ ትደርሳለች። የተሸፈነ ጫማ አድርጋ ወጥታ ሸበጥ በዘንቢል ብትይዝ የሚገርም አይደለም።

ስለ ጭቃ ሲነሳ ጤናም ይነሳል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ አፈር በሚገኝባቸው ደጋዎች ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለውን የእግር እብጠት ያመጣል፤ ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። ደቂቅ የአፈር ብናኝ በቆዳ አልፎ የሊምፍ መተላለፊያዎችን ይጎዳል፣ እግሩም ቀስ በቀስ ያብጣል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርቶ ምክንያቱ አፈሩ መሆኑን ያሳየው ከሃምሳ ዓመት በፊት ገደማ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ጫማ በማድረግና እግርን በመታጠብ ይከላከሉታል። የክረምቱ ኮንጎ እንግዲህ ከጌጥ በላይ ሥራ አለው።

ውርጭ

መስቀል አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ግን ይከፋል። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር የደብረ ብርሃን ሜዳ ነጭ ሆኖ የሚያነጋበት ሌሊት አለ፤ ውርጭ የባቄላውን ማሳ ሳይቀር ያቃጥለዋል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጣት የሚያደነዝዘው ብርድ እኩለ ቀን ላይ ጃኬት ያስወልቃል።

ይህ የጫማውን ምርጫ ያወሳስበዋል። ማልዳ ወደ ሥራ ወይም ወደ ትምህርት ቤት የምትወጣ ሴት ፀጉራም ቡትስ ትፈልጋለች፤ በስድስት ሰዓት ግን እግሯ ያልበዋል። ብዙዎች መሐሉን ይይዛሉ፤ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚያበቃ አጭር ቡትስ ወይም ስኒከር ከወፍራም ካልሲ ጋር ያደርጋሉ። ለዚህ ነው በዚህ ወቅት 37 የምታደርግ ሴት 38 የምትጠይቀው፤ ካልሲው ቦታ ይፈልጋል። ነጭ ስኒከር በአዲስ አበባ ወጣቶች ዘንድ ከሱሪም ከቀሚስም ጋር ሲለበስ ሰንብቷል፤ ደብረ ብርሃን ላይም መንገዱ ደረቅ በሆነበት በዚህ ጊዜ ይደምቃል። በሐምሌ ነጭ ስኒከር የሚያደርግ ሊስትሮን ሀብታም ለማድረግ የወሰነ ሰው ብቻ ነው።

ድግስ

ሦስተኛው ወቅት ከሰማይ አይመጣም፤ ከአውድማና ከቤተ ክርስቲያን ይመጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ገብሱና ባቄላው ይወቃል፣ ገንዘብ ይገባል። ገናና ጥምቀት ይከተላሉ፤ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ደግሞ የሠርግ ጊዜ ነው። ጾሙ ሲገባ ሠርግ ይቆማል፤ ከፋሲካ በኋላ እስከ ሰኔ ጾም ድረስ ይቀጥላል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ተረት ስለ ቀሚስ ይናገር እንጂ ጫማውም አብሮ ይታሰባል። የባለታኮ ሽያጭ የሚነሳና የሚወድቀው በዚሁ የጾምና የፍስክ ተራ ነው።

ታኮው ራሱ በመንገዱ ይፈተናል። የደብረ ብርሃን የውስጥ ለውስጥ መንገድ ብዙው ኮብልስቶን ነው። ቀጭን ታኮ ሁለት ድንጋይ መሐል ሰርጎ ከገባ ወይ ቆዳው ይላጣል፣ ወይ ታኮው ከሶሉ ይነቀላል፣ ወይ እግር ይወለምታል። ስለዚህ ወፍራም ታኮና ከታች እስከ ላይ አንድ ወጥ ሆኖ ከፍ ያለው ዓይነት ከቀጭኑ ይልቅ ይዘልቃል። ሚዜዎች አዳራሽ በር ድረስ በፍላት መጥተው እዚያ ይቀይራሉ።

ቤተ ክርስቲያንም የራሷን ምርጫ አስለምዳለች። ወደ ውስጥ ገብቶ ለመስገድ ጫማ ይወለቃል፤ ብዙ ክርና ማሰሪያ ያለው ጫማ በበሩ ግርግር ላይ ያስቸግራል። ለእሑድና ለንግሥ ቀን የሚመረጠው እግር ሾልኮ የሚገባበትና የሚወጣበት ፍላት ነው። ታቦት አጅቦ እስከ ባሕረ ጥምቀቱ ድረስ ለሚኬደው መንገድም የሚመቸው እሱ ነው።

ጫማው ከየት መጣ

የጫማ ፋሽን እዚህ አገር ረጅም ዕድሜ የለውም። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር ላይ የውጭ መልክተኞችን ሲቀበሉ፣ ከመኳንንቱ ብዙው በባዶ እግሩ ይሄድ ነበር፤ ማዕረግ የሚታየው በካባውና በበቅሎው ነበር። ከዚያም በኋላ ባዶ እግር ነውር አልነበረም። ደብረ ብርሃን አቅራቢያ መንዲዳ አካባቢ የተወለደው አበበ ቢቂላ የሮምን ማራቶን በባዶ እግሩ ያሸነፈው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። የከተማውን ሰው ከዘመናዊ ጫማ ጋር ካስተዋወቁት ቀዳሚዎች አንዱ ዳርማር የተባለው ጫማ ፋብሪካ ነበር፤ ደርግ ከወረሰው በኋላ አንበሳ ጫማ ሆነ።

መርካቶ ውስጥና በዙሪያው ደግሞ በትናንሽ ክፍሎች የሚሠሩ ጫማ ሰፊዎች ለብዙ ዓመታት አገሩን ሲያጫሙ ኖረዋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የቻይና ጫማ ሲጎርፍ ብዙዎቹ ተዘጉ። የቀሩት የተሻለ ሶልና ቆዳ፣ የተሻለ ዲዛይን ይዘው የወንድ ጫማውን ገበያ መልሰው ያዙ። የሴቱ ግን አስቸገራቸው፤ ምክንያቱም የወንድ ጫማ አንድ ፎርማ፣ ማለትም ጫማው የሚወጠርበት ቅርጽ፣ ለዓመታት ያገለግላል፣ የሴት ጫማ ግን አፍንጫው ሾጠጥ ሲል ወይም ታኮው ከፍ ሲል ፎርማው ይቀየራል። ያውም ከ36 እስከ 41 ለእያንዳንዱ ቁጥር ግራና ቀኝ ያስፈልጋል። ጥቂት መቶ ጥንድ የሚሠራ ሰው ይህን ወጪ ሳይመልስ ዲዛይኑ ያልፍበታል።

በ2004 ዓ.ም. ሁዋጂያን የተባለው የቻይና ኩባንያ ዱከም ላይ ሥራ ጀመረ፤ የሚያመርተውም በአብዛኛው የሴት ጫማ ነበር። ነገር ግን ለውጭ ገበያ የሚላክ ነበር። በሌላ በኩል በ1997 ዓ.ም. ቤተልሔም ጥላሁን አዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ የመሠረተችው ሶልሬብልስ፣ ድሮ የድሃ ጫማ ይባል የነበረውን ከጎማ የሚሠራ በረባሶ መነሻ አድርጎ ለውጭ ሴቶችና ወንዶች ሸጧል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ የሌላውን ፎርማ ከማሳደድ ይልቅ እዚሁ ካለ ነገር መነሳት ያዋጣል።

የበጉ ጉዳይ

የሰሜን ሸዋ ሴት አዲስ ጫማ የምትገዛበትና በግ የሚታረድበት ቀን አንድ ነው፤ እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ፋሲካ። ለቆዳ ፋብሪካዎች ጥሬ ዕቃ የሚጎርፈውም በበዓላት ማግሥት ነው። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ቆዳ ቀጭንና ጠንካራ በመሆኑ ለጓንት ተፈላጊ ሆኖ ኖሯል። ይሁንና በቅማልና በመዥገር መሳይ ተባይ የሚመጣው እከክ ቆዳውን በደቃቅ ነጠብጣብ ይሞላዋል፤ ያውም የሚታየው ፋብሪካ ገብቶ ፀጉሩ ከተነሳ በኋላ ነው። በቅርብ ዓመታት የጥሬ ቆዳ ዋጋ ወድቆ በበዓል ማግሥት ቆዳ በየመንገዱ ሲጣል ታይቷል። የመንዝ በግ ደግሞ ለብርድ የተፈጠረ ነው፤ ከሱፉ ባና የሚባለው ወፍራም ልብስ ይሠራል።

እንግዲህ የደብረ ብርሃን ውርጭ የሚጠይቀው ጫማ ምን ዓይነት እንደሆነ ይታወቃል፤ አጭር፣ ውስጡ ሱፍ የለበሰ፣ ኮብልስቶን የሚችል ወፍራም ሶል ያለው፣ በር ላይ ቶሎ የሚወልቅ። ቅርጹ በየዓመቱ መቀየር አያስፈልገውም፤ ስለዚህ ጫማ ሰፊውን ያሸነፈው የፎርማ ወጪ እዚህ ላይ በየጊዜው አይደገምም። ቀለሙን ብቻ እየለዋወጠ ያንኑ ፎርማ ለብዙ ኅዳር መጠቀም ይችላል። ቆዳው በየበዓሉ ይጣላል፣ ሱፉ መንዝ አለ፣ ገዢዋ ጠዋት ጠዋት ጣቷ እየደነዘዘ ትወጣለች። እስካሁን ግን ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳር የሚሸጠው ቡትስ ውስጡን የሞላው ሰው ሠራሽ ፀጉር ነው፤ የሚመጣውም ለሌላ አገር ብርድ ታስቦ ነው። ይህን ክፍተት ለመሙላት የሚላንን ባዛር መጠበቅ አያሻም፤ ጥቅምት ከመግባቱ በፊት መርካቶ ላይ አንድ ዓይነት ፎርማ ከነቁጥሮቹ ማስቀረጽ ይበቃል።