የሳተች ጥይት ወዴት ትሄዳለች?

አሜሪካ ውስጥ አጋዘን ለማደን ፈቃድ የሚያወጣ ሰው ከክፍያውና ከቀኑ ቀጥሎ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ እዚህ አውራጃ የሚፈቀደው ራይፍል ነው ወይስ ሾትገን? መልሱ ከግዛት ግዛት ይለያያል፤ አንዳንዴም በአንድ ግዛት ውስጥ ከመንገድ ወዲህና ወዲያ ይለያያል። ሞንታና ውስጥ አዳኙ ራይፍሉን አንግቶ ጫካ ይገባል። ኦሃዮ፣ ኢሊኖይና አዮዋ ግን የተለመደውን ኃይለኛ ራይፍል ለአጋዘን አደን ከልክለው ለብዙ አሥርተ ዓመታት ኖረዋል። ክልከላው ለአጋዘኑ ታዝኖ የመጣ አይደለም። የሚያሳስበው አጋዘኑን ስታ ያለፈችው ጥይት ናት።

ነገሩ ከመሬቱ ይጀምራል። እነዚህ ግዛቶች በአብዛኛው ሜዳ ናቸው። በቆሎውና አኩሪ አተሩ ከተነሣ በኋላ ጥይት የሚያስቆም ጉብታ ብርቅ ነው፤ የገበሬ ቤት፣ የከብት በረትና የመኪና መንገድ ግን በየመካከሉ አለ። አዮዋ ውስጥ አጋዘን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከምድሩ ጠፍቶ ነበር። ተመልሶ ሲበዛና እ.ኤ.አ. በ1953 ዘመናዊው የአደን ወቅት ሲከፈት፣ አዳኙ የሚገባው ሰው በሰፈረበት አገር ነበር። በዚያ ላይ የብዙዎቹ አደን የቡድን አደን ነው፤ ገሚሱ ጫካውን እየረገጠ ያባርራል፣ ገሚሱ ከፊት አድፍጦ ይጠብቃል። ሩጫ ላይ ባለ አውሬ ላይ ሲተኮስ ደግሞ ብዙ ጥይት ይስታል።

ሾትገን መጀመሪያውኑ ለወፍና ለጥንቸል የተሠራ መሣሪያ ነው። የአፈሙዙ ውስጥ ልሙጥ ሲሆን ከአንድ ቀለህ ብዙ ደቃቅ እርሳስ ይበትናል። ለአጋዘን ሲሆን ግን በደቃቁ ፋንታ አንድ ወፍራም እርሳስ ይጎርሳል። ይህ እርሳስ ብዙ ጊዜ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በሰከንድም 450 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከልሙጥ አፈሙዝ የወጣ እንዲህ ያለ እርሳስ ከ100 ሜትር ወዲያ ልብ የሚጣልበት አይደለም። የራይፍል አፈሙዝ ግን ጥይቱን የሚያሾር ጠመዝማዛ ቦይ በውስጡ ተፈልፍሎለታል። አሜሪካውያን አዳኞች ከሚወዷቸው አንዱ የሆነው የሠላሳ ዜሮ ስድስት ጥይት 10 ግራም ያህል ይመዝንና በሰከንድ 880 ሜትር ገደማ ይወነጨፋል። እነዚህን ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጠ ሕግ አውጪ ሾትገኑን ቢመርጥ አይፈረድበትም።

ግን ነገሩ በዚህ አያበቃም። በፔንሲልቫኒያ የተለመደው ራይፍል ለአጋዘን አደን የሚከለከለው በፊላደልፊያና በፒትስበርግ ዙሪያ ነው። የግዛቱ ምክር ቤት ይህ ክልከላ በእርግጥ ሰውን ይጠብቅ እንደሆነ ለማወቅ ጥናት አስጠና፤ ውጤቱም በ2007 ወጣ። ጥናቱ የጥይቶቹን ጉዞ በኮምፒዩተር አሰላ። አፈሙዙ 35 ዲግሪ ያህል ወደ ሰማይ ሲቀና፣ እንደተጠበቀው፣ የራይፍሉ ጥይት ከአራት ኪሎ ሜትር በላይ ሲሄድ የሾትገኑ እርሳስ ከሦስት ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ብሎ ወደቀ። ለቅሶና ሠርግ ላይ ወደ ላይ የሚተኮስ ጥይት ማን ላይ እንደሚያርፍ የሚጨነቅ የእኛ አገር ሰው ይህን ስሌት ሳይነገረው ይረዳዋል።

ይሁን እንጂ አጋዘን የሚያድን ሰው ወደ ሰማይ አይተኩስም። መሣሪያው ከመሬት ጋር ትይዩ ሆኖ ሲተኮስ የተገኘው ውጤት ብዙዎችን ያስደነገጠ ነው፤ የሾትገኑ እርሳስ ከራይፍሉ ጥይት በጥቂቱ ርቆ ሄደ። ምክንያቱ ንጥረት ነው። ለአደን የተሠራ የራይፍል ጥይት ጫፉ ለስላሳ ስለሆነ መሬት ሲነካ ቅርጹ ይበላሻል፤ ጉልበቱንም ይጥላል። ከባዱ እርሳስ ግን ነጥሮ ይነሣና ጉዞውን ይቀጥላል። እንግዲህ ሾትገን የያዘ ሰው «የእኔው ቅርብ ነው የሚወድቀው» ብሎ ሲዝናና፣ ከወዲያኛው ማሳ ላለው ገበሬ ከባለ ራይፍሉ ይልቅ ሊያሰጋ ይችላል። እኔን ከቁጥሮቹ ይልቅ ያሳሰበኝ ይህ መዝናናት ነው።

ደግሞም የአደን አደጋ ብዙውን ጊዜ የሩቅ ሰው ታሪክ አይደለም። ከሚቆስሉት ብዙዎቹ ራሳቸው ተኳሾቹ ወይም አብረዋቸው የወጡ ጓደኞቻቸው ናቸው፤ በዚያ ርቀት የመሣሪያው ዓይነት ለውጥ አያመጣም። በ1988 ሜን ግዛት ውስጥ አንዲት እናት ነጭ ጓንት አጥልቃ ከቤቷ ጓሮ ቆማ ሳለ፣ አጋዘን ያየ የመሰለው አዳኝ ተኩሶ ገደላት። አዳኙ ተከሶ በነፃ ተለቀቀ። ግዛቱን ለሁለት የከፈለው ክርክር ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ሕግ ወለደ፤ አዳኝ ምላጭ ከመሳቡ በፊት የሚተኩስበትን ነገር ለይቶ የማወቅ ግዴታ አለበት የሚል። ስለ ጠመንጃው ዓይነት የሚለው ነገር የለም፤ ጉዳዩን በትክክል የነካው ይህኛው ሕግ ይመስለኛል።

የጠመንጃው ክልከላም ቢሆን እየላላ መጥቷል፤ ዊስኮንሲን በ2013 ራይፍልን በግዛቱ ሁሉ ፈቀደች። ኦሃዮ ደግሞ በ2014 መካከለኛ መንገድ መረጠች። የተለመደው የራይፍል ቀለህ ወደ አፉ ሲቃረብ እንደ ጠርሙስ አንገት ይጠብባል፤ ብዙ ባሩድ በቀጭን ጥይት ጀርባ የሚጨመቀው በዚህ ነው። ኦሃዮ የፈቀደችው ቀለሁ አንገት የሌለውን፣ ከታች እስከ ላይ ቀጥ ያለውን ነው። ጥይቱ ወፍራም ነው፣ ፍጥነቱም ዝግ ያለ ነው፤ ዒላማ በመምታት ግን ከልሙጥ ሾትገን በብዙ ይሻላል፣ ትከሻንም ያን ያህል አይመታም። ሚሺጋንና አዮዋም ይህንኑ ፈቀዱ፤ ኢሊኖይም በ2023 ተከተለች፤ እሷ ግን ጠመንጃው በአንድ ጊዜ ከአንድ ጥይት በላይ የማይጎርስ ይሁን አለች። ይህች የኢሊኖይ ጥንቃቄ ታስቀኛለች፤ ግን ጅል አይደለችም። ሁለተኛ ጥይት የሌለው ሰው የመጀመሪያውን አስቦ ይተኩሳል።

አደጋውን በእርግጥ የቀነሱት ግን ከዚህ ሁሉ በፊት የመጡ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ የአዳኞች ትምህርት ነው፤ ኒውዮርክ በ1949 ግዴታ አድርጋ ጀመረችው። ከትምህርቱ ዋናው ክፍል ደግሞ ከአውሬው ጀርባ ያለውን ሳያዩ አለመተኮስ ነው። ዛፍ ላይ በተሠራ መቀመጫ ሆኖ የሚያድን ሰው እዚህ ላይ ይጠቀማል፤ ወደ ታች ስለሚተኩስ የሳተችው ጥይት አፈር ውስጥ ትቀራለች። ሁለተኛው አዳኙ ከሩቅ እንዲታይ የሚለብሰው የሚያብረቀርቅ ብርቱካንማ ልብስ ነው።

ስለ ልብሱ ኦሃዮ ውስጥ በኮሎምበስ ከተማ ለሚኖሩ ወገኖቻችንም መንገር ተገቢ ነው። የኦሃዮ ዋናው የጠመንጃ አደን የሚከፈተው ከታንክስጊቪንግ ቀጥሎ ባለው ሰኞ ነው። በዚያ ሳምንት አደን በሚፈቀድበት ጫካ ውስጥ በእግር የሚንሸራሸር ሰው፣ አዳኝ ባይሆንም፣ ብርቱካንማ ሰደርያ ቢደርብ ይበጀዋል፤ ልጅና ውሻ ይዞ ከሆነ ለእነሱም ጭምር። አጋዘን ቀይና ብርቱካንማን እንደ ሰው አጉልቶ አያይም፤ ስለዚህ ልብሱ የአዳኙን ቀን አያበላሽበትም።