ስለ ተለጣጭ ስክሪን፦ እንዳይሰነጠቅና ምስል እንዳያዛባ የሚደረግበት ጥበብ ለነጋዴው ያለው ትርጉም

በጂንካ ከተማ የቅዳሜ ገበያ ሲቆም፣ ማርና ቅቤ፣ እህልና ቡና ይዘው ከየወረዳው ከሚመጡት ሰዎች ብዙዎቹ የእጅ ስልክ ይዘው ይታያሉ። ስልክ ከወሬ መለዋወጫነት አልፎ የዋጋ መጠየቂያና የገንዘብ መላኪያ ሆኗል። ከስልኩ ክፍሎች መካከል በቀላሉ የሚጎዳው ግን ስክሪኑ ነው። ምትክ ስክሪን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአርባ ምንጭና በኮንሶ በኩል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጂንካ ይደርሳል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ፣ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ በብር ሲታሰብ ዋጋው ከፍ ብሏል። ስለዚህም «የማይሰበር»፣ «የሚታጠፍ»፣ «የሚለጠጥ» የሚባል ስክሪን መጣ ሲባል የነጋዴው ጆሮ ቢቆም የሚያስገርም አይደለም። ነገር ግን ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የነገሩን ጠባይ መርምሮ ማወቅ ይገባዋል።

በቅድሚያ መታጠፍና መለጠጥ አንድ አለመሆናቸውን መለየት ያስፈልጋል። ወረቀት ይታጠፋል፣ ነገር ግን አይለጠጥም፤ ጎማ ይታጠፋል፣ ይለጠጣልም። በስክሪን ውስጥ ካሉት ስስ ንብርብሮች አንዱ ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ የሚባለው፣ ብርሃን የሚያሳልፍና ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ንብርብር ነው። ይህ ቁስ እንደ ሸክላ ደረቅ በመሆኑ ከ2 እስከ 3 በመቶ ያህል ሲሳብ ይሰነጠቃል። ይኸውም 100 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ብቻ ቢሳብ መበጠስ ይጀምራል ማለት ነው።

የሚታጠፉት ስልኮች ከዚህ ችግር ያመለጡት በመሳሳት ነው። አንድ ነገር ሲታጠፍ የውጭ ፊቱ ይሳባል፣ የውስጥ ፊቱ ይጨመቃል፤ የሚሳበውም መጠን ውፍረቱ ለመታጠፊያው ሬዲየስ እጥፍ ሲካፈል የሚገኘው ነው። በ3 ሚሊሜትር ሬዲየስ የሚታጠፍ መስታወት ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ቢሆን ፊቱ ከ8 በመቶ በላይ ይሳባል፤ ስለዚህም ይሰበራል። ውፍረቱ 0.03 ሚሊሜትር ቢሆን ግን የሚሳበው ግማሽ በመቶ ብቻ ስለሆነ መታጠፍ ይችላል። ከዚህም በላይ ሠሪዎች ደረቁን ንብርብር ከሌሎቹ መካከል፣ መሳብም መጨመቅም በማይበዛበት ቦታ ያኖሩታል።

ሆኖም መሳሳት ብቻውን ዋስትና አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ሳምሰንግ ጋላክሲ ፎልድ የተባለውን ታጣፊ ስልክ ለገበያ ሊያወጣ ሲል፣ አስቀድሞ ለጋዜጠኞች ለሙከራ ከሰጣቸው ስልኮች አንዳንዶቹ በጥቂት ቀናት ተበላሹ። በአንዳንዶቹ ላይ ተጠቃሚዎቹ የስክሪኑን መከላከያ ሽፋን ተራ ፕላስቲክ መስሏቸው ላጡት፤ በሌላው ደግሞ በማጠፊያው ክፍተት ጥቃቅን ነገር ገብቶ ስክሪኑን ከሥር ገፋው። ኩባንያው ሽያጩን አዘግይቶ የሽፋኑን ጠርዝ ከክፈፉ ሥር አስገባ፤ የማጠፊያውንም ክፍተት ሸፈነ። በአገራችን መደብሮች ስሙ የታወቀው ቴክኖም በ2015 ዓ.ም. ታጣፊ ስልክ አቅርቧል። የደቡብ ኦሞን የበጋ አቧራ የሚያውቅ ነጋዴ ከዚህ ታሪክ የሚማረው አለ።

መለጠጥ ግን ከመታጠፍ ይልቅ እጅግ ይከብዳል፤ በመሳሳት ብቻ አይገኝምና። የዚህን ጥበብ መሠረት ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሐመር ሴቶች የሚለብሱትን፣ በዶቃና በዛጎል ያጌጠ የፍየል ቆዳ ማየት ይበቃል። ዶቃውም ዛጎሉም ደረቅ ነው፤ ቢያጥፉት ይሰበራል እንጂ አይታጠፍም። ነገር ግን እያንዳንዱ ትንሽ ስለሆነና በቆዳው ላይ ተለያይቶ ስለተሰፋ፣ ሴትየዋ ስትራመድና ስትጨፍር የሚታጠፈው ቆዳው ነው፤ ዶቃው ምንም አይሆንም።

የተለጣጭ ስክሪን ሠሪዎችም የሚያደርጉት ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነው። ብርሃን ሰጪዎቹን ነጥቦች በትናንሽ ደረቅ ደሴቶች ላይ ያስቀምጣሉ፤ ደሴቶቹንም ጎማ በሚመስል ለስላሳ ቁስ ላይ ይተክላሉ። በደሴቶቹ መካከል የሚዘረጋው ሽቦ ቀጥ ያለ ቢሆን ይበጠስ ነበር፤ ስለዚህ እንደ እባብ እንዲጠማዘዝ ይደረጋል። ስክሪኑ ሲሳብ ሽቦው ራሱ አይለጠጥም፤ ጥምዝምዙ ይፈታል እንጂ። ስንጥቅ በአብዛኛው የሚጀምረው ደረቁ ከለስላሳው በሚገናኝበት ዳር፣ በተለይም ሹል በሆነ ጥግ ላይ ነው። ልብስ ሰፊ የቁልፍ ቀዳዳውን ጫፍ በክር እንደሚያጠናክር ሁሉ፣ ሠሪዎቹም ጥጉን ያከቡታል፤ ከደረቁም ወደ ለስላሳው የሚደረገውን ሽግግር ቀስ በቀስ እንዲሆን ያደርጉታል።

ከመሰንጠቅ የዳነ ስክሪን ገና ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል፤ ይኸውም የምስል መዛባት ነው። በሞተር ሳይክል ላይ ጭነት የሚታሰርበትን የጎማ ማሰሪያ ወስዶ ክብ ሥዕል በቀለም ቢሥሉበትና ቢስቡት፣ ማሰሪያው ይረዝማል፣ ይቀጥናልም፤ ክቡም እንደ እንቁላል ይሞላል። ጎማ በርዝመቱ 20 በመቶ ቢለጠጥ በስፋቱ ወደ 9 በመቶ ያህል ይጠብባል። በስክሪን ላይ ይህ ቢሆን የሰው ፊት ይረዝማል፣ ካርታም ልኩን ያጣል።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ቁሱን መቀየር ብቻ ሳይሆን አቆራረጡን መለወጥ ነው። አንድን የጎማ ገጽ በቁመትና በአግድም በተፈራረቁ ስንጥቆች ቢተለትሉት፣ በስንጥቆቹ መካከል የቀሩት አራት ማዕዘኖች በጥጋቸው ብቻ ይያያዛሉ። በአንድ በኩል ሲስቡት አራት ማዕዘኖቹ በማጠፊያ ላይ እንዳለ በር ይዞራሉ፤ ገጹም በሚሳብበት በኩል ብቻ ሳይሆን በጎኑም ይሰፋል። ርዝመትና ስፋት በእኩል መጠን ከጨመሩ ክቡ ክብ ሆኖ ይቀራል፤ ምስሉም ያድጋል እንጂ አይዛባም። የኮሪያ ተመራማሪዎች በዚህ ዓይነት ዘዴ እስከ 25 በመቶ የሚለጠጥ አነስተኛ ስክሪን ሠርተዋል።

ሥራው የጀመረው ዛሬ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጎማ መሰል አስተላላፊ ተጠቅመው ተለጣጭ ስክሪን ማሳየታቸው ይታወቃል። የኮሪያው ኤልጂ ዲስፕሌይ በ2015 ዓ.ም. ከ12 ወደ 14 ኢንች፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ12 ወደ 18 ኢንች የሚለጠጥ ስክሪን አሳይቷል። የኋለኛው ከ10,000 ጊዜ በላይ ቢለጠጥ ምስሉ እንደማይበላሽ ኩባንያው ገልጿል፤ ብርሃን ሰጪዎቹም ከአንድ ሚሊሜትር 25ኛ እጅ የማይበልጡ ናቸው። ሆኖም እነዚህ ለማሳያ የተሠሩ ናሙናዎች እንጂ በካርቶን ታሽገው የሚታዘዙ ሸቀጦች አይደሉም።

እንግዲህ አስመጪውም ባለመደብሩም «ተለጣጭ» የሚል ማስታወቂያ ሲደርሰው ሻጩን አራት ነገር ቢጠይቅ ይጠቀማል። አንደኛ፣ ዕቃው በእርግጥ ይለጠጣል ወይስ ይታጠፋል ብቻ? ሁለተኛ፣ ስንት በመቶ፣ ስንት ጊዜ ይለጠጣል? 10,000 ጊዜ የሚለው ቁጥር ብዙ ቢመስልም፣ በቀን 20 ጊዜ ለሚለጠጥ ዕቃ 500 ቀን ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ ተለጥጦ ሲመለስ ምስሉ እንደ ቀድሞው ይሆናል ወይ? አራተኛ፣ በኦሞራቴ ሙቀትና በመንገዱ አቧራ የተፈተነ ነው ወይ? ለዚህ ሁሉ በጽሑፍ መልስና ዋስትና የማይሰጥ ሻጭ፣ የሚሸጠው ስሙን እንጂ ዕቃውን አይደለም።

የዶቃው ቆዳ ለረጅም ጊዜ የሚያገለግለው ዶቃው ስለማይሰበር ሳይሆን፣ ጫናው በዶቃው ላይ እንዳይወድቅ ተደርጎ ስለተሰፋ ነው። ተለጣጭ ስክሪንም የሚመዘነው በዚሁ ነው፤ የቁሱ ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን፣ ጫናው የት እንደሚያርፍ መታየት አለበት። ይህን ለይቶ የሚጠይቅ ነጋዴ አዲሱ ዕቃ በእውነት ወደ ገበያ የሚገባበት ቀን ሲደርስ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፤ እስከዚያው ድረስም ገንዘቡን በስም ብቻ ለሚሸጥ ዕቃ አያወጣም።