አሮጌ ሬንጅ ሮቨር ስፖርት ከመግዛት በፊት፦ የታወቁ ብልሽቶቹ፣ የጥገና ወጪውና የሻጭ አማና



መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ መኪና ፈላጊው ፊቱን ወደ ነባሮቹ አዙሯል። አዲስ ሳሉ ባለሀብት ብቻ ይነዳቸው የነበሩ ትልልቅ የቅንጦት መኪኖችም ዋጋቸው ወርዶ በደላላ እጅ ይዞራሉ። ከእነዚህ አንዱ የመጀመሪያው ትውልድ ሬንጅ ሮቨር ስፖርት ነው። ከአዲስ አበባ በሆለታ በኩል ወደ እንጭኒና ሙገር በሚወስደው መንገድ የሚመላለስ ነጋዴ “ጠንካራ መኪና ነው፣ ርካሽም ነው” ተብሎ ሊቀርብለት ይችላል። ጥንካሬው ባይካድም ርካሽ የሚሆነው በሚገዛበት ቀን ብቻ ነው። ምክንያቱን እንደሚከተለው እናስረዳለን።

መኪናው በእንግሊዝ አገር ከ2005 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. የተመረተ ሲሆን ክብደቱ ወደ ሁለት ቶን ተኩል ይጠጋል። በመጀመሪያ የወጣው በባለ 2.7 ሊትር ናፍጣ እና በቤንዚን ቪ8 ሞተሮች ነበር፤ በኋላ 3.0 ሊትር ናፍጣና 5.0 ሊትር ቤንዚን መጡ።

የአየር ሞላ። መኪናው የተቀመጠው በብረት ሞላ ላይ ሳይሆን አየር በሚሞላቸው አራት ጎማ መሰል ከረጢቶች ላይ ነው። ከረጢቱ ሲያረጅ ይሰነጠቅና ቀስ እያለ ይተነፍሳል። አየር የሚሞላው ኮምፕሬሰር የጎደለውን ለመተካት ሳያርፍ ይሠራና በመጨረሻ ራሱ ይቃጠላል። ባለቤቱ አንዱን ከረጢት በጊዜ ባለመቀየሩ ኮምፕሬሰሩንም ይገዛል ማለት ነው። መፈተሻው ቀላል ነው፦ መኪናው ሜዳ ላይ ይደር፤ ጠዋት አንዱ ጎን ወርዶ ከተገኘ አየር ያፈሳል። አንዳንዶች የአየሩን አውጥተው የብረት ሞላ ያስገባሉ፤ ወጪው ይቀንሳል፣ ከፍታን የመቀያየር ችሎታው ግን ይቀራል።

ሞተር። በናፍጣ ሞተሮቹ ላይ በጣም የሚፈራው የክራንክ ሻፍት መሰበር ነው። በሁሉም ላይ አይደርስም፤ ሲደርስ ግን ብዙ ጊዜ ምልክት ሳይሰጥ ነው፣ መፍትሔውም በአብዛኛው ሞተር መቀየር ነው። ዘይትን ከተለመደው ቀደም ብሎ መቀየር ይመከራል። የታይሚንግ ቺንጋውም ጊዜው ሳያልፍ ከኋላ ካለው የነዳጅ ፓምፕ ቺንጋ ጋር አብሮ መቀየር አለበት። በ5.0 ሊትር ቤንዚን ሞተር ላይ ደግሞ የታይሚንግ ሰንሰለቱ መወጠሪያ ይበላል፤ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ሲነሳ የሚንኳኳ ድምፅ ከተሰማ መጠንቀቅ ይገባል። ቱርቦ ለመቀየር ብዙ ባለሙያዎች የመኪናውን ቦዲ ከሻንሲው ያነሳሉ። ስለዚህ ዕቃው ባይወደድ እንኳ የእጅ ዋጋው ይከብዳል።

ውኃ ማቀዝቀዣ። ይህ ለደጋ ነዋሪ ልዩ ትርጉም አለው። እንጭኒ ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የሞተሩ መደበኛ ሙቀትም 90 አካባቢ ነው። ውኃው እንዳይፈላ የሚይዘው በታሸገው ቧንቧ ውስጥ ያለው ግፊት ነው። በዕድሜ የደረቀ የፕላስቲክ ቧንቧ ወይም የላላ ክዳን ግፊቱን ከለቀቀ ሞተሩ ቶሎ ይፈላል፣ የቴስታታ ጋርኒሲዮንም ይቃጠላል። ከፍታው ቱርቦ ወይም ሱፐርቻርጀር የሌለውን የቤንዚን ሞተር ጉልበትም በሩብ ያህል ይቀንሳል።

የእግር ክፍሎች። የሲሚንቶ ጫኝ መኪኖች በሚመላለሱበት፣ አቧራና ጉድጓድ በማይጠፋበት መንገድ የዚህ ከባድ መኪና የፊት እግር ጎማዎች ቶሎ ይበላሉ። የአየር ፊልትሮና የፍሬን ሸራም እንዲሁ። በኤሌክትሪክ የሚሠራው የእጅ ፍሬን አቧራ ሲገባው ይጮኻል፣ ቆይቶም ይነክሳል።

ወጪው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። የ1,000 ዶላር ዕቃ ከ57,000 ብር ወደ 120,000 ብር ወጣ ማለት ነው፤ ያውም ማጓጓዣ፣ ቀረጥና የነጋዴ ትርፍ ሳይደመር። ያገለገለ ዕቃ ሶማሌ ተራ ሊገኝ ይችላል፤ የቶዮታን ያህል ግን አይበዛም። የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ ባለሙያም በብዛት ያለው አዲስ አበባ ነው። እንጭኒ ላይ የቆመን መኪና በገመድ መጎተት ካምቢዮውን ሊጎዳ ስለሚችል ተጭኖ መሄድ አለበት፤ ይህም ራሱን የቻለ ወጪ ነው።

የሻጭና የገዢ ግዴታ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ውስጡ እርጥብ ሆኖ ሲያገኙት ሻጩን መገሠጻቸው፣ የሚያታልልም ከእሳቸው ወገን እንዳልሆነ መናገራቸው በሙስሊም ተዘግቧል። መኪናውም እንደ እህሉ ነው። አየር እንደሚያፈስ እያወቀ ገዢ ሊመጣ ሲል ሞልቶ የሚያቆም፣ የማስጠንቀቂያ መብራቱን አጥፍቶ የሚሸጥ ሰው እርጥቡን ከሥር ደብቋል። “እንዳለ ነው የሸጥኩት” ማለትም እያወቀ ለደበቀው ዐይብ ነፃ እንደማያወጣው ብዙ ዑለሞች ያስረዳሉ። ገዢው የተደበቀ ዐይብ ካገኘ የመመለስ መብት አለው። የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ሻጭን ለጉድለት ተጠያቂ ያደርጋል፤ ገዢም ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። ደላላም ቢሆን እያወቀ ዝም ካለ የኃጢአቱ ተካፋይ ነው።

እንግዲህ ለመግዛት የወሰነ ወንድም ወይም እኅት ይህን ያድርግ፦ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ማስነሳት፤ መኪናውን አሳድሮ ማየት፤ በኮምፒውተር ማስመርመር፤ የቺንጋና የዘይት ቅያሬ ማስረጃ መጠየቅ፤ ሊብሬውንና ቦሎውን ማረጋገጥ፤ ሻጩ የሚያውቀውን ዐይብ በውሉ ላይ ማስጻፍ። ገንዘብ ካነሰው ወደ ወለድ ብድር ከመሄድ ዘምዘምንና ሂጅራን በመሳሰሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች ሙራበሓ ይጠይቅ፤ በሙራበሓ ባንኩ ዕቃውን በራሱ ስም ገዝቶ በታወቀ ትርፍ ይሸጥለታል። ለግል መገልገያ የተያዘ መኪና ዘካ የለበትም፤ ለንግድ የተያዘ ግን ኒሷብ ሞልቶ ዓመት ሲዞርበት ከዋጋው 2.5 በመቶ ይወጣለታል።

ከግዢው ገንዘብ ሌላ ለጥገና የተቀመጠ ከሌለ፣ ይህንን መኪና መተው ለቤተሰብ ይበጃል። የቤቱን ቀለብና የልጆችን የትምህርት ቤት ክፍያ ለአየር ሞላ ማዋል ኢስራፍ እንዳይሆንብን እንፍራ።

ወላሁ አዕለም።