አስታማሚና ነርስ

ከጨንቻና ከዶርዜ ደጋ ሕሙም ይዞ፣ አባያን ቁልቁል እያየ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ ቤተ ዘመድ፣ በአገራችን ሆስፒታሎች ልማድ የሚያጎርሰውም፣ የሚያጥበውም፣ የሚያገላብጠውም ብዙ ጊዜ አስታማሚው ስለሆነ፣ እንግዳ ሳይሆን የነርሷ ረዳት ነው። ነርሷም ብትቆጣ እጅግ አይፈረድባትም፤ አንድ ሰው ሲታመም መንደሩ ሁሉ ይከተለዋልና፣ ያንኑ ጥያቄ ለእያንዳንዱ ስትመልስ ሥራዋ ይታጎላል።

ስለዚህ ቤተ ዘመዱ ሕሙሙ ራሱ የፈቀደውን አንድ ተጠሪ ቢመርጥ፣ እርሷም ከጋሞኛ በቀር ለማይሰሙት እናት በልሳናቸው የሚያስረዳ ፈልጋ፣ ግሉኮስ የገባበት እጅ ሲያብጥ ወይም ትንፋሽ ሲያጥር ፈጥነው እንዲጠሯት አስቀድማ ብትነግራቸው፣ ከብዙ ተግሣጽ ይልቅ ይጠቅማል።

ክፉ ወሬ ከሕሙሙ ተሰውሮ ለሽማግሌ ይነገር የሚለው ልማዳችን ግን የሕሙሙን መብት ይነካልና፣ አስታማሚዎች ሆይ፣ ነርሷን «አትንገሪው» ብላችሁ አታስጨንቋት።