መለያው የቀረበት ኮምፒዩተር

በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ አሥርና ሃያ ኮምፒዩተር በአንድ ጊዜ የሚያስጭን መሥሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤት ወይም ነጋዴ በርክክብ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚያየው ሁለት ነገር ነው። ማሽኑ ይነሣል ወይ? ፕሮግራሞቹስ ይከፈታሉ ወይ? ሁለቱ ከተሟሉ ፊርማው ያርፋል፣ ክፍያውም ይፈጸማል። በዓይን የማይታይ፣ በደረሰኝም ላይ የማይጻፍ ሦስተኛ ነገር ግን አለ። እሱም በሊኑክስ በሚሠሩ ማሽኖች ላይ በእያንዳንዱ ፋይል የሚለጠፈው የደኅንነት መለያ ነው።

ሃያ ማሽን አንድ በአንድ መጫን ጊዜ ይፈጃል። ስለሆነም ባለሙያው አንዱን አሟልቶ ያዘጋጅና ማስተር ኮፒ ይወስድበታል። ከዚያም ማስተሩን በመጫኛ መሣሪያ ወደ ቀሩት ያባዛዋል። ጊዜም ገንዘብም የሚቆጥብ አሠራር ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ማባዛት መካከል የፋይሉ ይዘት በሙሉ ሲሻገር መለያው ወደ ኋላ የሚቀርበት አጋጣሚ አለ።

የአዊ ነጋዴ ጉዳዩን ከከሰል ንግድ ጋር ቢያስተያየው በቀላሉ ይገባዋል። ከፋግታ ለኮማ የዲከረንስ ከሰል ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ መኪና ጭነቱ ሙሉ፣ ጆንያውም ያልተቀደደ ሊሆን ይችላል። የይለፍ ወረቀቱ ከሌለ ግን ኬላ ላይ ይቆማል። ኬላ ጠባቂው የሚጠይቀው ወረቀቱን እንጂ የከሰሉን ጥራት አይደለም።

ኬላው ምንድን ነው?

በሊኑክስ ላይ ይህ ኬላ ኤስኢሊኑክስ ይባላል። የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ለሕዝብ የለቀቀው ሲሆን፣ በ2003 የሊኑክስ እምብርት ወደሆነው ከርነል ገብቷል። ከ2005 ጀምሮ ደግሞ ሬድ ሃት የተባለው ኩባንያ ለድርጅቶች በሚያቀርበው ሊኑክስ ላይ ማንም ሳያዝዘው ሥራ ላይ ሆኖ ይመጣል።

የተለመደው የፋይል ፈቃድ የሚጠይቀው "ይህ ፋይል የማን ነው?" ብሎ ነው። ኤስኢሊኑክስ ግን "ይህ ፕሮግራም ይህን ዓይነት ፋይል እንዲነካ በደንቡ ተፈቅዶለታል ወይ?" ብሎ ይጨምራል። የይለፍ ቃላት የሚቀመጡበት ፋይል አንድ ዓይነት መለያ አለው፤ የድረ ገጽ ማኅደር ሌላ ዓይነት። በመሆኑም የድረ ገጹ ፕሮግራም በሰርጎ ገብ እጅ ቢወድቅ እንኳ ወደ ይለፍ ቃሉ ፋይል ልለፍ ሲል ከርነሉ ያግደዋል።

ነገሩ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 ከወጣው አንድሮይድ 5 ወዲህ የአንድሮይድ ስልኮች ይህንኑ ኬላ ሙሉ በሙሉ እየሠራ ይዘው ይመጣሉ። በዳንግላ ገበያ ስልክ የሚሸጠውም የሚገዛውም ስለ መለያ ሰምቶ አያውቅ ይሆናል። መስማትም አላስፈለገው፤ የስልኩ አምራች ለጥፎ ይልከዋልና። ጣጣው የሚመጣው ጫኙ ራሱ ማስተር አዘጋጅቶ ሲያባዛ ነው።

ከላይ የተደረበ ቁልፍ ብቻውን እንደማይበቃ በአገራችን የታየ አንድ ታሪክ ያስረዳል። "አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን" የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት የሞቶሮላ ዙም ታብሌቶች አከፋፍሎ ነበር። የፊት ገጹ እንዳይለወጥ የሚከለክል ሶፍትዌር ተጭኖበት፣ ካሜራውም ተዘግቶ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ግን ሕፃናቱ ገጹን እንደየፍላጎታቸው ለዋውጠው፣ ካሜራውንም ከፍተው ተገኙ። በሕፃናት እጅ ሲሆን ያስደስታል። የደመወዝ መዝገብ በተቀመጠበት ኮምፒዩተር ላይ ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው።

የት ይጠፋል?

መለያው የሚጠፋባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። አንደኛው ፍላሽ ነው። ፋት 32 በተባለው አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽ የፋይሉን ይዘት እንጂ መለያውን የሚይዝበት ቦታ የለውም። ሁለተኛው ማሸጊያው ነው። ታርና አርሲንክ የተባሉት የታወቁ ፕሮግራሞች ለይተው ካልታዘዙ በቀር መለያውን አያጓጉዙም። ሦስተኛው ማዛወር ነው። ፋይል ሲቀዳ አብዛኛውን ጊዜ የደረሰበትን ቦታ መለያ ይይዛል። ሲዛወር ግን የድሮውን መለያ እንደያዘ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ መምህር ያዘጋጀውን የአዊኛ መማሪያ ከራሱ ማኅደር ወደ ድረ ገጹ ማኅደር ቢያዛውረው፣ ፈቃዱ ለሁሉ ክፍት ሆኖ ሳለ ሰርቨሩ "አይፈቀድም" ሊል ይችላል። አራተኛው የማዘጋጃው ማሽን ነው። ማስተሩ የተሠራበት ኮምፒዩተር ኬላው የተዘጋ ከሆነ፣ በእሱ ላይ የሚፈጠሩ ፋይሎች መለያ አልባ ሆነው ይወለዳሉ።

ውጤቱ የሚታየው በመጀመሪያው ማስነሣት ላይ ነው። ትክክለኛው የይለፍ ቃል ገብቶ "ተሳስቷል" ይባላል፤ አገልግሎቶች አልነሣም ይላሉ። ደንበኛው አጠገቡ ቆሞ የሚጠብቀው ባለሙያ ደግሞ በእጁ አንድ ፈጣን መድኃኒት አለ። ኬላውን ማጥፋት ነው። አንድ መስመር ይለውጣል፣ ማሽኑም ይነሣል።

ይህ ግን ዘበኛው በር አልከፍትም አለ ብሎ ከነጭራሹ እንደማሰናበት ነው። ሥራው በማስተሩ ላይ ከተፈጸመ ደግሞ ሃያውም ማሽን ያለ ዘበኛ ይወጣል። ዕዳውም እያደር ይጨምራል። ኬላው በጠፋባቸው ወራት የተፈጠረ ፋይል ሁሉ መለያ ስለማይኖረው፣ በኋላ እንመልሰው ቢባል መላው ዲስክ እንደገና መለያ መለጠፍ አለበት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ቀድሞ ማሰብ ይሻላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ የሚይዙ ድርጅቶች ተገቢውን የደኅንነት ጥንቃቄ እንዲያደርጉ ግዴታ መጣሉም መዘንጋት የለበትም።

መፍትሔው ውድ አይደለም

መለያ በመድረሻው እንደገና ሊለጠፍ ይችላል። የትኛው ፋይል የትኛውን መለያ እንደሚይዝ የሚደነግገው ዝርዝር ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጋር አብሮ ይመጣል። ሪስቶርኮን የተባለው ትእዛዝ በዚሁ ዝርዝር መሠረት ያስተካክላል። ማሽኑ በሚቀጥለው ሲነሣ ዲስኩን በሙሉ እንዲለጥፍ ማዘዝም ይቻላል። ይህ እንደ ፋይሉ ብዛት ጊዜ ይወስዳል። መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ ሥራው በሚቀጥለው ማስነሣት ከመጀመሪያው ይጀምራል። ስለዚህ መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ልጠፋውን ማስተሩ ላይ ጨርሶ ማባዛት ይመረጣል።

አዳዲሶቹ መጫኛ መሣሪያዎችም ይህንኑ እያደረጉ ነው። ኦኤስቢልድ የተባለው መሣሪያ ኢሜጁን ሲሠራ በራሱ በኢሜጁ ደንብ መሠረት መለያ የሚለጥፍ ደረጃ አለው። በሬድ ሃት ባለሙያዎች የተጀመረው ቡትሲ ደግሞ የሚጫነው ሲስተም ኤስኢሊኑክስ የሚፈልግ ሆኖ የጫኙ ማሽን ከሌለው፣ ለይቶ ካልታዘዘ በቀር አልጭንም ብሎ ይቆማል። ሥራው እንዲሁ ተሸፋፍኖ እንዳያልፍ ማለት ነው።

ለገዥው የሚቀረው አንድ ጥያቄ ነው። ከመፈረሙ በፊት ከማሽኖቹ ሁለቱን ሦስቱን ራሱ መርጦ ጌትኤንፎርስ የተባለውን ትእዛዝ እንዲጽፉለት ይጠይቅ። መልሱ "ኤንፎርሲንግ" ከሆነ ኬላው እየሠራ ነው። "ፐርሚሲቭ" ካለ ጠባቂው መዝገብ ይይዛል እንጂ መኪና አያቆምም። "ዲሴብልድ" ከሆነ ኬላ የሚባል የለም። በውሉ ላይ "ማሽኖቹ ኤንፎርሲንግ ሆነው ይረከባሉ" የሚል አንድ መስመር ቢታከል ለማጣራት ደቂቃ አይፈጅም። ይህ መስመር ከሌለ ግን ገዥው የሚረከበው መነሣታቸውን ብቻ ነው።