ረቢው «በየቤታችሁ ጸልዩ» ሲሉ
ከፌርፋክስ ጎረቤቶቻችን ምን እንማራለን?

ፌርፋክስን ብዙዎቻችን የምናውቀው በእንጀራውና በቡናው ሽታ ነው። ከኦሎምፒክ ቡሌቫርድ በስተደቡብ ያለችውን አጭር ስፍራ የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሟታል። (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በዚያው መንገድ ወደ ሰሜን የዘለቀ ሰው ግን የአይሁድ ሰፈር ይደርሳል። ቅዳሜ ጠዋት መኪና ሳይነኩ፣ ልጆቻቸውን አስከትለው በእግራቸው ወደ ምኩራብ የሚሄዱት ጎረቤቶቻችን ናቸው። በማርች 2020 ከመንገዱ ጠፉ። ብዙዎቹን ከፖሊስ በፊት «ቤታችሁ ሁኑ» ያላቸው የገዛ ረቢያቸው ነበር።

ይህ ለእነርሱ ቀላል ነገር አልነበረም። ወግ አጥባቂ አይሁዳዊ በቀን ሦስት ጊዜ ይጸልያል። የማኅበር ጸሎት እንዲሟላ ደግሞ «ሚንያን» የሚሉት፣ ቢያንስ አሥር አዋቂ ወንዶች የሚገኙበት ጉባኤ ያስፈልጋል። አሥር ካልሞሉ ልጅ ለሞተ አባቱ የሚያደርሰው «ካዲሽ» የተባለው ጸሎት አይባልም። ያለ ካህን ፍትሐት፣ ያለ ሰው ለቅሶ ምን ማለት እንደሆነ የምናውቅ እኛ ሐዘናቸውን መረዳት አያቅተንም።

በማርች 12 ቀን 2020 በኒው ጀርሲ የበርገን አውራጃ ረቢዎች ተስማምተው ምኩራቦቻቸውን ሁሉ ዘጉ። በመኖሪያ ቤት ተሰብስቦ መጸለይንም ከለከሉ። የግዛቲቱ ገዥ «ከቤት አትውጡ» የሚለውን ትእዛዝ ያወጣው ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነበር። በቀናት ውስጥ የሎስ አንጀለስ ምኩራቦችም ተዘጉ። «በጓሮዬ አሥር ሰው ብሰበስብ ማንን እጎዳለሁ?» ያለ አልጠፋም። የረቢዎቹ መልስ አጭር ነበር፦ አንዱ ለራሱ የፈቀደውን ሌላውም ይፈቅዳል፤ ሞት የሚጠብቀው ሽማግሌ ግን የሁላችንም ነው።

ነገሩ አዲስ አልነበረም። በ1831 ኮሌራ አውሮፓን ሲያምስ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ በምትገኘው በፖዝናን የነበሩት ታላቁ ረቢ አኪቫ ኢገር ምእመናን በአንድ ጊዜ ከአሥራ አምስት ሳይበልጡ በየተራ እንዲጸልዩ አዘዙ። ቁጥሩ እንዲጠበቅም የፖሊስ እርዳታ እንዲጠየቅ መከሩ። የፕሩሲያ ንጉሥ ለዚህ ሥራቸው ምስጋና ጽፎላቸዋል። በአይሁድ ሕግ ነፍስ ማዳን ሰንበትን እንኳ ይሽራል፤ ስለዚህ ረቢው የሐኪሙን ቃል ሰምቶ የመወሰን ግዴታ አለበት።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ በ1918 የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን እንዴት እንዳራቆታት ከአያቶቻችን ሰምተናል። በኅዳር 12 ቆሻሻ የምናቃጥለው ያን እያስታወስን ነው። በ2020ም ኤፕሪል 19 የዋለውን ፋሲካ ብዙው ምእመን ከቴሌቪዥን ፊት ሆኖ አከበረ። «ቤተ ክርስቲያን ለወረርሽኝ ትዘጋለች ወይ?» የሚለው ክርክር በየቤቱ ነበር።

እኔም ከተከራካሪዎቹ አንዱ ነበርኩ። በዚያ ሰሞን የአክስቴ መርዶ ከአገር ቤት መጣ። የንስሐ አባታችን ደውለው «ልጄ፣ ሰው አትሰብስብ። እኔም አልመጣም፤ ጸሎቱን እዚሁ አደርሳለሁ» አሉኝ። ተቀየምኳቸው። «ፈሩ» አልኩ። በአራተኛው ቀን ስምንት ሰው ቤቴ ተቀምጦ ነበር። ከመካከላቸው አንዲት እናት በሳምንቱ ታመው ሆስፒታል ገቡ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፈዋል። በሽታው ከየት እንደያዛቸው የሚያውቅ የለም፤ እኔ ግን እሳቸው እስኪወጡ ድረስ እንቅልፍ አልነበረኝም። አባታችንን ይቅርታ የጠየቅሁት ዘግይቼ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ መታዘዝ ማለት ዓይንን ጨፍኖ መከተል ነው ማለቴ አይደለም። ኖቬምበር 25 ቀን 2020 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኒው ዮርክ ገዥ በአምልኮ ቤቶች ላይ የጣሉትን የቁጥር ገደብ አግዷል፤ ከከሳሾቹ አንዱ የወግ አጥባቂ አይሁድ ድርጅት ነበር። መንግሥትን መክሰስ መብት ነው። ሆኖም ፍርድ ቤት «ክፈት» ብሎ የማስገደድ ሥራ የለውም፤ በሩ መቼ ይከፈት የሚለው ውሳኔ ወደ ሃይማኖት አባቱ ይመለሳል። ካሊፎርኒያ በሜይ 25 ቀን 2020 የአምልኮ ቤቶች በተወሰነ ሰው እንዲከፈቱ ስትፈቅድ በዚያው ቀን ያልከፈቱ ምኩራቦች ብዙ ነበሩ።

አንድ የሃይማኖት አባት «አትምጡ» ሲል መባው ይቀራል፣ በዓሉ ይቀዘቅዛል፣ ሐሜቱ ይበዛል። ይህን እያወቀ፣ ከሐኪም ተማክሮ፣ በሩን ከዘጋ ቃሉ የራሱ ጥቅም የለበትም። እንዲህ ያለ ቃል ሊከበር ይገባል።

የፊተኛው አልፏል፤ የሚመጣውን ግን አናውቅም። በዚህች ከተማ በየሆስፒታሉ የሚሠሩ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም። የየደብሩ ሰበካ ጉባኤና ዕድሮቻችን ከእነርሱ ጋር ዛሬውኑ ይቀመጡ፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ማን ይወስናል፣ ከማን ጋር ይመክራል፣ ሐዘንተኛውንስ ማን በስልክ ያጽናናል የሚለውን በጽሑፍ ያስፍሩ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።