ሱዛን ባንድ ሆርዊትዝ

ሱዛን ባንድ ሆርዊትዝ (የተወለዱት በ1937) አሜሪካዊት የባዮኬሚስትሪ፣ የፋርማኮሎጂና የሕዋስ ሥነ ሕይወት ተመራማሪ ናቸው። በኒው ዮርክ ከተማ ብሮንክስ በሚገኘው የአልበርት አይንስታይን የሕክምና ኮሌጅ ለብዙ አሥርት ዓመታት በፕሮፌሰርነት ሠርተዋል። በይበልጥ የሚታወቁት ከዛፍ ቅርፊት የሚገኘው ታክሶል የካንሰር ሕዋስን በምን መንገድ እንደሚያጠቃ በማሳየታቸው ነው። ይህ ንጥረ ነገር ዛሬ ፓክሊታክሰል ይባላል፤ ለጡት፣ ለኦቫሪ (የሴት እንቁላል ዕጢ) እና ለሳንባ ካንሰር ሕክምና ያገለግላል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትምህርትና ሥራ

ሆርዊትዝ ያደጉት በማሳቹሴትስ ግዛት በቦስተን አካባቢ ነው። በ1958 ከብሪን ማር ኮሌጅ በሥነ ሕይወት ተመረቁ፤ በ1963 ደግሞ ከብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ በባዮኬሚስትሪ የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። በዚያው ወቅት መንታ ልጆች ስለ ወለዱ ሙሉ ቀን መሥራት አልቻሉም፤ ስለዚህ በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ የሚሠራበት የምርምር ቦታ ፈልገው በተፍትስ ዩኒቨርሲቲ የፋርማኮሎጂ ክፍል ገቡ። ከባዮኬሚስትሪ ወደ መድኃኒት ጥናት የተሻገሩት በዚህ አጋጣሚ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ አልበርት አይንስታይን ኮሌጅ መጥተው ካምፕቶቴሲንን የመሳሰሉ ከዕፅዋት የሚገኙ ፀረ ካንሰር ንጥረ ነገሮችን ማጥናት ጀመሩ።

ማይክሮቲዩብል ምንድን ነው?

የሆርዊትዝን ግኝት ለመረዳት በመጀመሪያ ማይክሮቲዩብል የተባለውን የሕዋስ ክፍል ማወቅ ያስፈልጋል። ማይክሮቲዩብሎች በሕዋስ ውስጥ የሚገኙ፣ ውስጣቸው ክፍት የሆነ ቀጫጭን ቱቦዎች ናቸው። የአንዱ ውፍረት 25 ናኖሜትር ያህል ነው። የሚሠሩት ቲዩቡሊን ከተባለ ፕሮቲን ሲሆን፣ አልፋና ቤታ የተባሉት ሁለት ዓይነቶች ጥንድ ጥንድ ሆነው እንደ ጨሌ በመደርደር ክር ይሠራሉ። አብዛኛውን ጊዜ 13 እንዲህ ያሉ ክሮች ጎን ለጎን ተያይዘው አንድ ቱቦ ይሆናሉ።

ማይክሮቲዩብሎች ለሕዋስ ቅርጽ ይሰጣሉ፤ በውስጡ ለሚጓጓዙ ነገሮችም መንገድ ይሆናሉ። ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል ደግሞ እንዝርት የመሰለ ቅርጽ ሠርተው ክሮሞሶሞችን ወደ ሁለቱ ጫፎች እኩል ያካፍላሉ። ለዚህ ሥራ ዋናው ነገር ቱቦዎቹ ቋሚ አለመሆናቸው ነው። አንዱ ሲረዝም ሌላው በድንገት ፈርሶ ያጥራል፤ የፈረሰው ቲዩቡሊን ተመልሶ ለሌላ ቱቦ ይውላል። ቲም ሚቺሰንና ማርክ ኪርሽነር ይህን ጠባይ በ1984 ገልጸውታል። ሕዋሱ ቱቦዎቹን መሥራት ብቻ ሳይሆን ማፍረስም ካልቻለ በትክክል ሊከፈል አይችልም።

ከታክሶል በፊት የታወቁ ንጥረ ነገሮች

ማይክሮቲዩብልን የሚነኩ የዕፅዋት ንጥረ ነገሮች ከታክሶል በፊትም ይታወቁ ነበር። ለሪህ በሽታ የሚሰጠው ኮልቺሲን አንዱ ነው። ቲዩቡሊን ራሱ ተለይቶ የታወቀው በ1960ዎቹ ተመራማሪዎች ኮልቺሲን የሚጣበቅበትን ፕሮቲን ሲፈልጉ ነበር። ከማዳጋስካር ቪንካ አበባ የተገኙት ቪንብላስቲንና ቪንክሪስቲን ደግሞ ለካንሰር መድኃኒትነት በቅተዋል፤ በተለይ ቪንክሪስቲን በሕፃናት የደም ካንሰር ሕክምና ትልቅ ቦታ አለው።

እነዚህ ሁሉ የሚመሳሰሉበት ነገር ቲዩቡሊን ተሰብስቦ ቱቦ እንዳይሠራ መከልከላቸው ነው። ስለዚህ በጊዜው ማይክሮቲዩብልን የሚያጠቃ መድኃኒት ሁሉ በዚሁ መንገድ እንደሚሠራ ይገመት ነበር።

የታክሶል ምስጢር

በ1962 የዕፅዋት ተመራማሪው አርተር ባርክሌይና ባልደረቦቹ ለአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም የዕፅዋት ናሙና ሲሰበስቡ፣ በዋሽንግተን ግዛት ከሚገኝ ጫካ የፓስፊክ የው የተባለውን ዛፍ ቅርፊት ወሰዱ። በሰሜን ካሮላይና የሚሠሩት ሞንሮ ዎልና ማንሱክ ዋኒ ከቅርፊቱ ታክሶልን ለዩ፤ የሞለኪዩሉን አወቃቀርም በ1971 አሳተሙ።

ነገር ግን ንጥረ ነገሩ ብዙ ፈላጊ አልነበረውም። በውኃ አይሟሟም፤ ከደረቅ ቅርፊቱ ክብደት የሚገኘው 0.01 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ቅርፊቱ የተላጠው ዛፍም ይደርቃል። በምን መንገድ እንደሚሠራም አልታወቀም። ከቪንብላስቲን የተለየ ነገር ካልሠራ ይህን ያህል ድካም አያስፈልገውም የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም ነበር።

በ1977 የካንሰር ተቋሙ ሆርዊትዝ ታክሶልን እንዲያጠኑ በደብዳቤ ጠየቃቸው፤ 10 ሚሊግራም ያህልም ተላከላቸው። ሥራውን የጀመሩት ከተማሪያቸው ከፒተር ሺፍ ጋር ነበር። በቤተ ሙከራ የሚያድጉ የካንሰር ሕዋሳት ላይ ጥቂት ታክሶል ሲጨምሩ ሕዋሳቱ በመከፈል ላይ እንዳሉ ቆሙ። እስከዚህ ድረስ ከሌሎቹ መድኃኒቶች ጋር ይመሳሰላል።

ልዩነቱ የታየው ከጥጃ አንጎል በተገኘ ቲዩቡሊን ላይ በተደረገ ሙከራ ነው። ታክሶል ቱቦ እንዳይሠራ በመከልከል ፈንታ ሥራውን አፋጠነው። በተለመደው ሁኔታ ማይክሮቲዩብሎች ሲቀዘቅዙ ወይም ካልሲየም ሲጨመርባቸው ይፈርሳሉ፤ ታክሶል ያገኛቸው ግን አልፈረሱም። ሺፍ፣ ጄን ፋንትና ሆርዊትዝ ውጤቱን በ1979 ኔቸር በተባለው መጽሔት አሳተሙ። በቀጣዩ ዓመት ሺፍና ሆርዊትዝ በሕያው ሕዋስ ውስጥም ማይክሮቲዩብሎች እንደ ጭራሮ እስር ተሰብስበው እንደሚታዩ አሳዩ።

ነገሩን በግንባታ መወጣጫ እንጨት መመሰል ይቻላል። እነቪንብላስቲን መወጣጫው እንዳይቆም ያደርጋሉ፤ ታክሶል ግን የቆመው እንዳይፈታ ይቸነክረዋል። በሁለቱም መንገድ ሥራው ይቆማል። ይህ ከዚያ በፊት ያልታወቀ አሠራር ስለ ነበር ታክሶልን ወደ ሕክምና ሙከራ የማድረስ ፍላጎት ጨመረ።

ከሙከራ ወደ ሕክምና

በሰው ላይ የሚደረገው ሙከራ በ1984 ተጀመረ። መድኃኒቱን ለማሟሟት ከጉሎ ዘይት የተሠራ ፈሳሽ በጥቅም ላይ ስለ ዋለ አንዳንድ ሕመምተኞች ከባድ አለርጂ አጋጠማቸው፤ አስቀድሞ ፀረ አለርጂ መድኃኒት በመስጠትና አወሳሰዱን በማዘግየት ችግሩ ተቀነሰ። ታክሶል በአሜሪካ በ1992 ለኦቫሪ ካንሰር፣ በ1994 ደግሞ ለጡት ካንሰር ተፈቀደ። የዛፉን መመናመን ለማስቀረትም የአውሮፓ የው ዛፍ ከቅጠሉ የሚሰጠውን ተቀራራቢ ንጥረ ነገር ወደ ታክሶል መለወጥ ተቻለ። ቅጠል ተመልሶ ስለሚበቅል ዛፉ አይሞትም።

የመድኃኒቱ ጉዳትም ከአሠራሩ ይመነጫል። ቶሎ ቶሎ የሚከፈሉት የፀጉር ሥርና የመቅኔ ሕዋሳት ስለሚነኩ ፀጉር ይረግፋል፣ ነጭ የደም ሕዋስ ይቀንሳል። የነርቭ ሕዋስ ባይከፈልም በረጅም ጅራቱ ውስጥ ነገሮች የሚጓጓዙት በማይክሮቲዩብሎች ላይ ስለሆነ የእጅና የእግር መደንዘዝ ይከሰታል።

መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ሕዋሳት

አንዳንድ ዕጢዎች በመጀመሪያ በታክሶል ከቀነሱ በኋላ መልሰው ያድጋሉ። የሆርዊትዝ ቤተ ሙከራ ለዚህ ምክንያት የሚሆኑ ነገሮችን ለረጅም ጊዜ አጥንቷል። አንዱ ፒ-ግላይኮፕሮቲን የተባለው፣ መድኃኒትን ከሕዋስ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ፕሮቲን ነው። ሌላው በራሱ በቲዩቡሊን ላይ የሚታይ ለውጥ ነው፤ መድኃኒቱ የሚጣበቀው ቤታ ቲዩቡሊን ላይ ስለሆነ፣ የዚህ ፕሮቲን ዓይነት ወይም ቅርጽ ሲለወጥ የመድኃኒቱ ኃይል ሊደክም ይችላል።

ከኢትዮጵያ የተገኘው ማይታንሲን

ማይክሮቲዩብልን ከሚያጠቁ የዕፅዋት ንጥረ ነገሮች አንዱ ከኢትዮጵያ ጋር የተያያዘ ነው። ሞሪስ ኩፕቻንና ባልደረቦቹ በ1972 ማይታንሲን የተባለውን ንጥረ ነገር ያስታወቁት ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ፣ ከአጣጥ ወገን ከሆነ ቁጥቋጦ ለይተው ነው። ማይታንሲን እንደ ቪንብላስቲን ቱቦ እንዳይሠራ ይከለክላል። ኃይሉ ግን እጅግ ብርቱ ስለ ነበር በሰው ላይ ሲሞከር ጉዳቱ ከጥቅሙ በለጠና ለብቻው መድኃኒት ሳይሆን ቀረ። በኋላ ግን ተዋጽኦው የካንሰር ሕዋስን ለይቶ ከሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ጋር ተጣምሮ በ2013 በአሜሪካ ለአንድ ዓይነት የጡት ካንሰር ተፈቀደ።

ክብር

ሆርዊትዝ ከ2002 እስከ 2003 የአሜሪካ የካንሰር ምርምር ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ በ2005 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነው ተመርጠዋል፤ በ2011 ማኅበሩ የዕድሜ ልክ አስተዋጽኦ ሽልማት ሰጥቷቸዋል።